ኮሂባ ወይስ «ኮሂባ»? ጎጃም ሆነው ሲጋር ለሚመርጡ

የሳጥኑ ክዳን መስታወት ነበር። ወዳጄ በሰርጉ ሰሞን በስጦታ ያገኘው ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን «እስኪ እይልኝ» ብሎ ከቦርሳው አወጣው። «ኮሂባ» የሚል የኩባ ሲጋር ስም የተጻፈበት ቢጫና ጥቁር የወረቀት ቀለበት ያጠለቁ ሃያ አምስት ሲጋሮች በመስታወቱ ሥር ተሰልፈዋል። ለዓይን ያምራሉ።

«አንዷን እንደ ዶሮ ልረዳት?» አልሁት።

«እረዳት።»

በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅኋት። ከውስጥ የወጣው እንደ ሻይ ቅጠል የደቀቀ ትምባሆ ነው። መሐሉ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህል የደረቀ የቅጠል አገዳ ተጋድሟል። ከሥሩ ደግሞ የጆንያ ክር የምትመስል ነገር አለች። ወዳጄ ክሯን በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላብጦ አያት። «ይቺም ከኩባ ነው የመጣችው?» አለ።

የሚገርመኝ ጎጃሜ ቅቤ ሲገዛ ሞኝ አለመሆኑ ነው። እናቶቻችን ቅዳሜ ገበያ ወርደው ቅቤውን ቆንጠር አድርገው ያሸታሉ። መዳፋቸው ላይ ያሹታል። ሙዝ ወይም የአትክልት ቅቤ ከገባበት ይለያሉ። ማሩ ስኳር የጠጣ መሆኑንም ያውቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን «ከየት ነው የመጣሽው? የማን ቤት ቅቤ ነው?» ብለው ሻጯን ይመረምራሉ። ሲጋር ላይ ስንደርስ ይህን ሁሉ ዕውቀት ቤት ጥለን እንወጣና ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እናምናለን።

ብዙ ከተሸወድሁ በኋላ የደረስሁበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሻጩን ምረጡ። ቀጥሎ አገሩን። ስሙን በመጨረሻ። እውነተኛ የኒካራጓ ሲጋር ከሚያጠራጥር የኩባ ሲጋር ሁልጊዜ ይሻላል።

ከመጀመራችን በፊት

ሲጋር ስል ሲጋራ ማለቴ አይደለም። ሲጋር ወረቀት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ቅጠል ነው። ጥሩ የሚባለው በእጅ ይጠቀለላል። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም ቅጠል አለ። እሱን አንድ ማሰሪያ ቅጠል ያቅፈዋል። ከላይ ደግሞ ስስና ለስላሳ የሆነ መልበሻ ቅጠል ይጠቀለልበታል። ርካሹ ግን የተከተፈ ፍርፋሪ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የማሽን ሥራ።

የጤናውን ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። ጭሱን ወደ ሳንባ ባትስቡትም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ሱስም ያስይዛል። የማያጨስ ሰው ይህን አንብቦ እንዲጀምር አልፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ምግብ ቤትና ቡና ቤት ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው።

በዚያ ላይ አገሩ ጎጃም ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆ የሚያጨስን ሰው ከንፈሩን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ዛሬ ከንፈር የሚቆርጥ የለም። የጎረቤት እናት ዓይን ግን ከምላጭ አይተናነስም። ስለዚህ እኛ ከሰው ራቅ ብለን፣ ከውጭ ተቀምጠን ነው የምናጨሰው።

ኩባ፣ ኒካራጓ ወይስ ዶሚኒካን?

ኩባ ስሙ ያለበት ነው። ምርጡ ቅጠል የሚበቅለው ከሀገሪቱ ምዕራብ፣ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ቩዌልታ አባሆ በሚባል አካባቢ ነው። ከኩባ የሚወጣውን ምርት ለዓለም የሚያከፋፍለው እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ሐባኖስ ኤስ ኤ ነው። ከስሞቹ ሞንቴክሪስቶ እ.ኤ.አ. ከ1935፣ ኮሂባ ከ1966 ጀምሮ አሉ። ጣዕማቸው ደንበኛ ሲሆን እርጥብ አፈር፣ ቆዳ፣ የተቆላ ቡና ያስታውሳል። ችግሩ ዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኩባንያው የኮሂባንና ትሪኒዳድ የሚባለውን ሲጋር ዋጋ ከፍ አድርጎ በዓለም ዙሪያ አንድ አደረገው። ዛሬ ውጭ አገር ሱቅ ውስጥ ሲግሎ 6 የሚባለው የኮሂባ ዓይነት ለአንድ ፍሬ አንድ መቶ ዶላር አካባቢ፣ ከዚያም በላይ ይጠየቅበታል። የሃያ አምስት ፍሬ ሳጥን ማለት እንግዲህ ጥንድ የእርሻ በሬ ተሽጦም ላይበቃ ይችላል። በአንድ ሙክት ዋጋ «ሙሉ ሳጥን ኮሂባ አለኝ» የሚል ሰው ከመጣ ቡናውን ጋብዙትና ሸኙት።

ሐሰተኛ የሚሠራበት ስም ያለው ነው። ኮሂባ፣ በተለይ ረጅሙ ኤስፕሌንዲዶስ፣ በብዛት ይቀዳል። ሞንቴክሪስቶና ሮሜዮ የሚባለው ሌላው የኩባ ሲጋር ይከተላሉ። የኩባን ጣዕም በርካሽ የፈለገ ሰው ኪንቴሮን ወይም ሆሴ ኤል ፒዬድራን ቢሞክር እመክራለሁ። ሁለቱም የኩባ ናቸው። ውስጣቸው ግን በደንቡ የተከተፈ ቅጠል ነው። እነሱን ሰንጥቃችሁ ፍርፋሪ ብታዩ አትደንግጡ፤ ተፈጥሯቸው ነው። ርካሽ ስለሆኑ ፎርጅድ ሠሪም ብዙ አይደክምባቸውም።

ኒካራጓ የእኔ ምርጫ ነው። ኤስቴሊ የምትባለው ከተማ ዙሪያ መሬቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ሲጋሩ በርበሬ በርበሬ የሚል፣ ጠንከር ያለ፣ ለእኛ ምላስ የሚመች ነው። በዋጋም ብዙ ጊዜ ከኩባ ይቀላል። ፓድሮን፣ ኦሊቫና ማይ ፋዘር የታወቁ ናቸው። ፓድሮን ውድ በሆኑት ሲጋሮቹ ላይ ቁጥር ያለው ሁለተኛ ቀለበት ያደርጋል። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፍሬ ይለያያል። ሳጥን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ነገሩ አልቋል።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለጀማሪ ነው። ለስለስ ያለ፣ ክሬም ክሬም የሚል ነው። አርቱሮ ፉዌንቴና ዴቪዶፍ ከዚያ ናቸው። ዴቪዶፍ ድሮ ኩባ ይሠራ ነበር። ከኩባ ጋር ተጣልቶ ከወጣ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ዛሬ «የኩባ ዴቪዶፍ» ብሎ አዲስ ሳጥን የሚያሳያችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ባለቤት

ይህንን ያወቅሁት አፍሬ ነው። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለፋሲካ መጣና አምስት ፍሬ ኮሂባ ሰጠኝ። ቀለበቱ ጥቁር ነው፤ ኮሂባ ከሚለው ቃል ኦ ፊደል ውስጥ ቀይ ነጥብ አለች። እኔ የኩባውን ኮሂባ በፎቶ አጥንቼዋለሁ ባይ ነኝ። ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የሰው ጭንቅላት ምስል ያለበት። «ወንድሜ፣ ሸውደውሃል፤ ፎርጅድ ነው» አልሁት፣ ዘመድ በሞላበት። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ።

የሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። በልጅነታቸው በደርግ ጊዜ ወደ ኩባ ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ናቸው። የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው ያደጉት። ሲጋሩን ተቀብለው አሸተቱት። «ይሄ የኩባ አይደለም» አሉ። እኔ ኩራት ሊያሰክረኝ ሲል «ሐሰትም አይደለም» ብለው አቀዘቀዙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 የትምባሆ ድርጅቶቹን ወረሰ። ባለቤቶቹ ሲሰደዱ የንግድ ስማቸውን ይዘው ሄዱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በኩባ ላይ ማዕቀብ ጣለች። ከዚያ ወዲህ ሞንቴክሪስቶ፣ ሮሜዮ፣ ፓርታጋስና ኡፕማን የሚባሉት ሁሉ ሁለት ሁለት ናቸው። አንደኛው የኩባ፣ ሁለተኛው ለአሜሪካ ገበያ በዶሚኒካን የሚሠራው። ኮሂባ ከአብዮቱ በኋላ የተወለደ ቢሆንም እሱም አልቀረለትም፤ አሜሪካ ውስጥ ስሙን ሌላ ኩባንያ አስመዘገበው። ክርክሩ ከችሎት ችሎት ሲጎተት አሥርት ዓመታት አልፎታል። ባለ ቀይ ነጥቡ ያ ነው።

ለእኛ ይህ ወርቅ የሆነ መለያ ነው፤ ብዙዎቻችን ሲጋር የሚመጣልን ከአሜሪካ ዘመድ ነውና። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የኩባ ሲጋር አይሸጥም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መንገደኛ እንኳ ለራሱ ይዞ መግባት ተከልክሏል። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣው ሰው «ከሱቅ ገዛሁት፣ ባለ ቀይ ነጥብ ኮሂባ ነው» ካለ እውነቱን ነው። «እዚያው ሱቅ የኩባውን ገዛሁት» ካለ ግን ተሸውዷል። የአክስቴን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሲጋሩም ደስ የሚል ነበር።

ከማን ይገዛ?

በኔ ሚዛን አንደኛው የኩባ ሲጋር በውክልና የሚሸጡት ላ ካሳ ዴል ሐባኖ የሚባሉት ሱቆችና የኤርፖርት ነፃ ቀረጥ ሱቆች ናቸው። ደረሰኝ ይሰጣሉ። ዕቃው በእርጥበት ክፍል ይቀመጣል። ዱባይ የሚመላለስ ወዳጅ ያለው ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ብቻ «ከዱባይ ነው» ማለትና «ከዱባይ ኤርፖርት ሱቅ ነው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ገበያ መሐል ከማንም የተገዛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎችና ልዩ ሱቆች ናቸው። እዚህ ዋናው ጥያቄ አቀማመጡ ነው። ሲጋሩ ከውስኪው ጠርሙስ አጠገብ፣ መብራት ሥር፣ ደርቆ ከተደረደረ ኦሪጅናል ቢሆንም ሞቷል። ሻጩን «እርጥበቱ ስንት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወደ መለኪያው የሚያይ ሻጭ ጥሩ ነው። ወደ እናንተ የሚያይ ከሆነ ውጡ።

ሦስተኛው ሃቫና ራሷ ደርሶ የመጣ ሰው ነው። የሚያስገርም ቢመስልም በጣም የምፈራው ይህን ነው። ሃቫና ጎዳና ላይ ለቱሪስት የሚነገር የታወቀ ወሬ አለ፤ «ዘመዴ ፋብሪካ ይሠራል፣ ለሠራተኛ ከሚሰጠው ነው» የሚል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እኛም እያለን ነበረች፣ ያቺ ዘመድ አትሞትም» አሉ። ስለዚህ የኩባ ቲኬት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የሱቅ ደረሰኝ ነው።

አራተኛው ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውና ከመደርደሪያ ሥር የሚወጣው ነው። እሱን ተዉት።

ሳጥኑ ይናገር

የመስታወት ክዳን ካያችሁ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። ሐባኖስ እንዲህ ዓይነት ሳጥን አይሠራም። የወዳጄ ሳጥን በዚህ ብቻ መውደቅ ነበረበት። አሁን ሚስቱ ክርና መርፌ ታስቀምጥበታለች።

የእንጨት ሳጥን ሲሆን ፊት ለፊት ከግራ በኩል አረንጓዴና ነጭ የዋስትና ማኅተም ይለጠፋል። አዲሱ ዓይነት ሆሎግራምና ባርኮድ አለው። የባርኮዱን ቁጥር ሐባኖስ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል። ሻጩ ፊት በስልካችሁ ሞክሩት። ስታስገቡ የሻጩን ፊት ማየትም አይከፋም። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከእውነተኛ ሳጥን የተቀዳ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከላይ ቀኝ ማዕዘን ላይ ደግሞ ሐባኖስ የሚል ሰያፍ ስቲከር ይኖራል።

ከዚያ ሳጥኑን ገልብጡት። ብዙ ሰው ከሥር አያይም። ፎርጅድ ሠሪም ብዙ ጊዜ ከሥር ይሰንፋል። እዚያ በስፓኒሽ «ኩባ የተሠራ» እና «ሙሉ በሙሉ በእጅ» የሚሉ ቃላት በጋለ ብረት ተቃጥለው የተመቱ ናቸው። ጣታችሁን አሳልፉበት፤ መጎድጎዱ ይሰማል። በቀለም ብቻ የታተመ ከሆነ ተጠንቀቁ። ከጎኑ በቀለም የተመታ የፋብሪካ ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመት አለ። ወሩ በስፓኒሽ አጥሮ ነው የሚጻፈው። ጥር ኤኔሮ ነውና «ኤኔ»፣ ነሐሴ አጎስቶ ነውና «አጎ» ይላል። አንድ ጊዜ «ጃን» ብሎ በእንግሊዝኛ የታተመበት ሳጥን አጋጥሞኛል። ኩባዊው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምሮ ይሆናል ብለን ስቀናል።

ሲከፈት ቀለማቸው ይቀራረብ። በእውነተኛ ሳጥን ውስጥ ሲጋሮቹ በቀለም ተመርጠው ነው የሚደረደሩት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በትንሹ ይለወጣሉ እንጂ አንዱ የገብስ ጠላ፣ ሌላው የጌሾ ጠላ አይመስሉም። ቀለበቶቹም በአንድ መስመር ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ላይ ያዞራሉ። ቀለበቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተቆርጠው ወይም ተንሻፈው ካያችሁ መጥፎ ምልክት ነው።

ፍሬው ብቻ በእጅ ሲገባ

ያለ ሳጥን አንድ ፍሬ ብቻ ሲሰጣችሁ ማስረጃ ያንሳል። ቢሆንም የምታዩት አለ። በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ጫን ጫን አድርጉት። እንደ በሰለ ሙዝ ትንሽ ሸብረክ ብሎ መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ወይም እዚህ ጠጣር እዚያ ባዶ ከሆነ አጠቃለሉ ችግር አለው። የሚለኮሰውን ጫፍ እዩት። የተጣጠፉ ቅጠሎች ጥቅልል እንጂ ፍርፋሪ መታየት የለበትም። አፍ የሚገባው ጫፍ ቆብ አለው። በኩባ ሲጋር ላይ ሦስት ስስ የክብ መስመሮች ይታያሉ።

ቀጥሎ እሳት። ረጅም ቅጠል ያለው ሲጋር አመዱ ይጸናል፤ የአውራ ጣት አንጓ እስኪያህል ሳይወድቅ ይቆያል። ፍርፋሪው ሸሚዛችሁ ላይ ይዘንባል።

ለመጠን ሮቡስቶ ይበቃል። ውፍረቱ 50 ይባላል። ይህ በኢንች 64ኛ የሚለካ ነው፤ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር ነው። ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ጊዜ ለሌለው ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 አለ፤ ቀጠን ያለ፣ 42 በ129። በባዶ ሆድ አትሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ ጾም ልፈታ ሰዓት ሲቀረኝ ለኩሼ ዓባይ ድልድይ ላይ የቆምሁ ይመስል ምድር ዞረብኝ። አብሮት የዘጌ ቡና እወዳለሁ። አረቄ ጣዕሙን ይውጠዋል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አትድከሙ። በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃና ከ65 እስከ 69 በመቶ የሚል የእርጥበት ከረጢት ይበቃል። ባሕር ዳር በበጋ አየሩ ይደርቃል፣ በክረምት ይረጥባል። ከረጢቱ ሁለቱንም ያስተካክላል። ፍሪጅ ያደርቀዋል። ከሁሉ በላይ ከበርበሬና ከዕጣን አርቁት። ትምባሆ ሽታ ይጠጣል። የእናቴ ጓዳ ውስጥ ሦስት ወር የከረመ ኦሊቫ አጭሼ ምሳ የበላሁ መስሎኛል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የምልከው መልእክት ይህ ነው። ቀድታችሁ ተጠቀሙበት።

«እንደምን ሰነበትህ ወንድሜ። ሲጋር ልያዝልህ ስላልኸኝ እግዜር ይስጥልኝ። ኩባ አያስፈልግም። ከአሜሪካ ከሆነ የኒካራጓ ኦሊቫ ወይም ፓድሮን፣ ሮቡስቶ የሚባለውን፣ አምስት ፍሬ ብቻ። ከደንበኛ የሲጋር ሱቅ ግዛ፣ ደረሰኙን አትጣል። በዱባይ ካለፍህ ከኤርፖርቱ ሱቅ ብቻ፣ ገበያ አትውጣ። ፕላስቲኩን አትቅደድ፣ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶ አርቀው። የጉምሩኩን ገደብ ጠይቅ። ለእማዬ ደግሞ ምንም አትንገር።»